የቆመው የመኪና ሰዓት
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ስለ ተተከለው ሰዓት። የሐዲያ ሰዎች ዋቸሞ በሚሏት በሆሳዕና ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ መርሴዲስ አለው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ መኪናውንም የገዙት ሌላ ሰው ከነዳው በኋላ ነው። ሞተሩ ይነሣል፣ ፍሬኑም ይይዛል፤ ሰዓቱ ግን 2 ሰዓት ከ25 ላይ ቆሞ ዓመታት አልፈውታል። «ላሳድሰው ወይስ አውጥቼ አዲስ ልተካበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ ባደረሰበት ዘመን፣ የመኪና ሰዓት ማለት በእጅ የሚሞላና አንድ ጊዜ ከተሞላ ስምንት ቀን የሚሠራ ነበር። ባለቤቱ መሙላቱን ከረሳ ይቆማል፤ ጥፋቱም የሰውዬው እንጂ የሰዓቱ አይደለም። ኋላ ግን እንደ ጀርመኑ ኪንዝሌ ያሉ ፋብሪካዎች የመሙላቱን ሥራ ለመኪናው ባትሪ ሰጡት። ትንሿ ሞላ በየጥቂት ደቂቃው ስትላላ ሁለት የብረት ነጥቦች ይገናኛሉ፤ ኤሌክትሪክ በሽቦው ጥቅል ውስጥ ያልፋል፤ ማግኔቱም ሞላዋን በአንድ ምት መልሶ ይወጥርና ነጥቦቹን ያለያያል። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የወጣ የሮልስ ሮይስ ማስታወቂያ፣ መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲሮጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው ብሎ ነበር። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ የክረምት ጭቃ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና ተጉዞ ቢሆን ኖሮ፣ ሰዓት መኖሩንም በረሳው ነበር። ከዓለም ገና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ገንዘብ ያዋጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን የዚህ ዓይነቱን ሰዓት ከመንገዱ ይልቅ የሚገድለው የመኪናው መቆም ነው። መኪናው ሳይነዳ ሲከርም ሰዓቱ ባትሪውን እየጠባ ይቆያል። ባትሪው ሲደክም ማግኔቱ ሞላዋን ለመመለስ አቅም ያጣል፤ ነጥቦቹ እንደ ተገናኙ ይቀራሉ፤ የሽቦው ጥቅልም እየጋለ ሄዶ ይቃጠላል። በአንዳንዶቹ ሰዓቶች ውስጥ ጥቅሉን ለማዳን ቀድሞ የሚቀልጥ ብየዳ አለ። እንግዲህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በአንጋጫ ለሠርግና ለመስቀል ብቻ የሚወጣ መኪና ሰዓቱ ቢቆም ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ይፍታ፤ ሰዓቱን ያውጣና ጥቅሉ መዳኑን ያስመርምር። ጥቅሉ ደኅና ከሆነ ነጥቦቹን በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ የደረቀውን ዘይት በቤንዚን ማጠብ፣ በመርፌ ጫፍም የሰዓት ዘይት ማስነካት ይበቃል። የሰዓት ዘይት ማለቴ በምክንያት ነው፤ እኔ ለአንድ ሱቅ የሰጠሁት ሰዓት በሞተር ዘይት ተነክሮ ተመልሶልኝ ሦስት ቀን ብቻ ሠርቷል።

ጥቅሉ ከተቃጠለ ግን ሌላ መንገድ አለ። የጃፓኑ ሴይኮ የኳርትዝ የእጅ ሰዓትን በ1962 ዓ.ም. ለገበያ ካወጣ ወዲህ ይህ ሥራ ርካሽ ሆኗል፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። አሮጌው ፊትና አሮጌዎቹ ዘንጎች በቦታቸው ቀርተው ከኋላ ያለው ብቻ ሊለወጥ ይችላል። ለትክክለኛነቱ ከአሮጌው ይበልጣል፤ «ጠቅ» ማለቱ ግን ይቀራል። ለእኔ ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የወጣውን አሮጌ ዕቃ ጠቅልሎ ያኑር።

የወዳጄ ሰዓት ጥቅል ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ነጥቦቹ ጸዱና ሠራ። በዚህን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ በማን አቆጣጠር ይሞላ? የእኛና የአውሮፓ ሰዓት በስድስት ሰዓት ስለሚለያዩ፣ የደቂቃው ዘንግ ሳይነካ የሰዓቱ ዘንግ ብቻ በትክክል ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ቆሞበት የነበረው 2 ሰዓት ከ25 በእኛ ከሆነ የጧት ቢሮ መግቢያ ነው፤ በአውሮፓ ከሆነ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ከ25 ይሆናል። እናቱን ጠየቅናቸው።

«አባትህማ ቢሮ የሚገቡት በእሱ ነበር፤ የእጅ ሰዓት መች ነበራቸው» አሉ።

ወዳጄም ዘንጉን በእኛ አቆጣጠር አዞረው።