ከዋጋ በፊት ሰነድ፦ የመሐንዲስ ግምት ከየት ይበላሻል?

በመንግሥት የግንባታ ጨረታ የመሐንዲስ ግምትና የተጫራቾች ዋጋ ሲራራቁ ጣት የሚቀሰረው በገበያ ጥናቱ ላይ ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ግምት የሚበላሸው አንድም ነጠላ ዋጋ ሳይጻፍ፣ ንድፉ፣ ቴክኒካዊ ዝርዝሩ፣ የአፈር ምርመራውና የሥራ መጠን ዝርዝሩ ሳይመሳከሩ ሲቀሩ ነው።

ልማዱ የሥራ መጠን ዝርዝሩን (በባለሙያው አፍ ቢኦኪውን) ተቀብሎ ዋጋ መሙላት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ የተባለው የግንባታ ውል ግን ሰነዶች ሲጋጩ ቴክኒካዊ ዝርዝሩን ከንድፍ፣ ንድፉን ደግሞ የሥራ መጠን ዝርዝር ከሚገኝባቸው ሠንጠረዦች ያስቀድማል። ገማቹ እንግዲህ የሚተማመነው በቅደም ተከተሉ ግርጌ ባለው ሰነድ ነው።

የአቃቂ ቃሊቲን ጥቁር አፈር እንውሰድ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከሕንፃው ሥር ተቆርጦ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። የአፈር ምርመራው 1.5 ሜትር ይነሳ ብሎ ሳለ ንድፉ 0.5 ሜትር ያሳያል እንበል (ምርመራው ከንድፉ በኋላ ሲደርስ ይህ ብርቅ አይደለም)። መሬት ላይ 2,000 ካሬ ሜትር በሚይዝ ሕንፃ ልዩነቱ 2,000 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የሚጎድለው ቁፋሮው ብቻ አይደለም፤ የአፈሩ ማጓጓዣ፣ ገረጋንቲውና ጥቅጠቃውም አብረው ይጎድላሉ።

ይህን ጉድለት ልምድ ያለው ተጫራች ቶሎ ያየዋል። ክፍያው በልኬት ከሆነ መጠኑ ባነሰው ሥራ ላይ ነጠላ ዋጋውን ይሰቅላል፣ መጠኑ በተጋነነው ላይ ይቀንሳል። ጠቅላላ ዋጋው ዝቅ ብሎ ያሸንፋል፤ ሥራው ሲለካ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የፊዲክ አንቀጽ 12.3 መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ ሲለወጥ አዲስ ዋጋ እንዲወሰን በር ይከፍታል፤ ይሁንና ሌሎች ሁኔታዎችም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ለውጡ የሥራውን የነጠላ ወጪ በቀጥታ ከ1 በመቶ በላይ መለወጡ ነው። አስቦበት ዋጋ የሰቀለን ተጫራች በዚህ አንቀጽ መያዝ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ተይዟል የሚለው መልስ አያሳምነኝም። መጠባበቂያ የሚያዘው አስቀድሞ ሊታይ ላልቻለ ነገር ነው፤ በሁለት ሉሆች መካከል ያለ ቅራኔ ግን ላገላበጠው ሁሉ ይታያል። በመቶኛ ሲሸፈን ከሰነዱ አይጠፋም፤ ከኃላፊዎች ዓይን ብቻ ይሰወራል።

የጭነት አቅሙና የፌርማታው ብዛት ያልተጻፈ አሳንሰር፣ ይዘቱ ሳይዘረዘር በጥቅል ዋጋ የተቀመጠ ሥራም ከዚሁ ይመደባሉ። ሰነዱ የተዘጋጀበት ቀንም ችላ አይባልም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የትራንስፎርመር ዋጋ ለግምት መነሻ አይሆንም።

ገማቹ ክፍተት ሲያገኝ በልምዱ ሞልቶ ማለፍ የለበትም። ንድፍ አውጪውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱም በተሻሻለ ንድፍ ይምጣ። ጊዜ ካጠረ፣ የወሰደውን ታሳቢና የዋጋ ውጤቱን በተለየ ሉህ መዝግቦ ከግምቱ ጋር ያያይዝ። ዝቅተኛው ተጫራች ከግምቱ በ30 በመቶ ርቆ ሲገኝ የግምገማ ኮሚቴው ልዩነቱ ከገበያ ይምጣ ከሥራው ወሰን የሚለየው በዚህ ሉህ ነው፤ ሉሁ ከሌለ ጨረታውን ለመሰረዝም ሆነ ለማጽደቅ በእጁ ያለው አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ነው።