ድሬዳዋና የመዝገበ ቃላት ሰዎች

ገመድ ይበጠሳል፤ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ጨርቅ ይቀደዳል፤ እንጨት ይፈለጣል። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው «ገመዱ ተሰበረ» አይልም። ለምን እንደማይል ሲጠየቅ ግን መልስ ያጥረዋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚለፋው ይህን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም የማያስረዳውን ነገር ለማውጣት ነው። ድሬዳዋ በዚህ ልፋት ውስጥ የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ድርሻ አላት።

ከተማዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። በ1916 ዓ.ም. የካቶሊክ ሚሲዮኑ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የሕዝቅኤልን ትርጓሜ እዚያው አተመ። አዘጋጁ ከኢየሩሳሌም የተመለሱት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ነበሩ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት የማስፋፋት አደራም ተሸክመዋል። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ድሬዳዋ ላይ አብረዋቸው ሠርተዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. አረፉ፤ መዝገበ ቃላቱ በደቀ መዝሙራቸው ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ።

አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያወጡ «በካህናትና በሀገረ ሰብ ቋንቋ» የተጻፈ መሆኑን ከርእሱ ጋር አኖሩ። ሀገሬውን ከሊቃውንት ጎን ማስቀመጥ ትልቅ ውሳኔ ነው። የቃላቱ ዳኛ ግን አሁንም የአንድ ሊቅ ጆሮ ነበር።

ብዙ ተናጋሪ የመጠየቁ ሥራ በ1961 ዓ.ም. በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በተካሄደው የቋንቋ ጥናት ሰፋ። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ፈርጉሰን፣ ቤንደር፣ ቦወንና ኩፐር የመሩት ጥናት ነው። ቤንደር ወደ መቶ የሚጠጉ መሠረታዊ ቃላትን በበርካታ የአገሪቱ ቋንቋዎች አነጻጽሯል። ባልደረቦቹ በየገበያው ሻጭና ገዢ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ተከታትለዋል። እንዲህ ያለ የቃላት ዝርዝር አንድ ችግር አለበት፦ ለአንድ ሐሳብ ሁለት ቃል ያለው ሰው የትኛውን ይስጥ? አንድ ሰው መጠየቅ ስለማይበቃ ብዙ ሰው፣ ያውም ወደ መልሱ ሳይመራ መጠየቅ አለበት። «ፈራና ሰጋ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እናቲቱ ልጇ ሲዘገይባት…» ብሎ ክፍት ቦታውን ማስሞላት ይሻላል።

ድሬዳዋ ለዚህ ዓይነት ጥናት የተመቸች ናት። አማርኛ የሥራ ቋንቋዋ ነው፤ አፋቸውን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ የፈቱ ሰዎችም ይናገሩታል። የድሬ ሰው ትልቁንም «አንተ» ይላል እየተባለ ይወራል። በከተማዋ ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ ወጣቱም አዛውንቱም ቢጠየቁ «አንተ»፣ «አንቱ» እና «እርስዎ» ለማን፣ የት፣ መቼ እንደሚባሉ ከወሬ አልፎ በመረጃ ይታወቃል።