ዋና ከተማ ልትሆን የነበረችው ከተማችን

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚጓዝ መንገደኛ ሆለታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዓለምን ያገኛታል። ከአዲስ አበባ የምትርቀው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙው መንገደኛ ሻዩን ጠጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል እንጂ ቀና ብሎ በኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አይመለከትም። ይህች ትንሽ ከተማ፣ በኦሮምኛ ስሟ ኤጄሬ፣ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለመሆን ጥቂት ቀርቷት እንደ ነበረ ከክፍል ጓደኞቼ መካከል እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ሆነው ስላገኘኋቸው ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከተማ መለወጥ እንግዳ ነገር አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የወረዱት አንኮበርን፣ ልቼንና እንጦጦን ትተው ነው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ይልቁንም ከ1888ቱ የዐድዋ ድል ወዲህ፣ ሕዝቧ በፍጥነት በዛ። ሕዝብ ሲበዛ ምጣድ ይበዛል፤ ምጣድ ሲበዛ እንጨት ያልቃል። ለምሰሶና ለማገር፣ ለእንጀራና ለወጥ ሲባል በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ተመነጠረ። እነዚህ ዛፎች ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው የተቆረጠው ቶሎ አይተካም፤ እንጨት ለቃሚውም ከዓመት ወደ ዓመት ራቅ ወዳለ ስፍራ ለመሄድ ተገደደ።

በዚህ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ በ1892 ዓ.ም. ገደማ እንጨት ወደ ቀረባት ወደዚህች ኮረብታ ፊታቸውን መልሰው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የኢጣልያ ሌጋሲዮንም በዚህ ቤት አሠርቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚህ የተጠረገው መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን አስቀራት? ባሕር ዛፍ ነው! አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ ወደ እኛ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ለመምጣቱ ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙ ይነሣል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ይደርሳል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ምኒልክም እንዲተከል አበረታቱ፤ የእንጨቱ ችግር ሲቃለል አዲስ አበባን የመልቀቁ አሳብ ቀረ። በእኔ አስተያየት ግን ምክንያቱ ዛፍ ብቻ አይመስለኝም። መኳንንቱና የውጭ አገር ሰዎች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተው ነበር። ግንብ ደግሞ እንደ ድንኳን አይነቀልም።

ለቤተ መንግሥት የተጀመረው አዳራሽ የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በቤተ መዘክሩም የምኒልክ ዘመን ቅርሶች ይገኛሉ።

ዛሬ በከተማችን ዙሪያ በብዛት የሚታየው ያው ባሕር ዛፍ ነው። እናቴም እንጀራ የምትጋግረው በቅጠሉና በጭራሮው ነው። ዋና ከተማነታችንን የወሰደብን እርሱ መሆኑን በነገርኋት ጊዜ ሣቀችና አንድ እፍኝ ቅጠል ጨመረችበት።