አያታችን ኮሪያ ዘምተዋል፤ ሜዳያቸው የታለ? ስለ ዘማች መዝገብ ማወቅ ያለባችሁ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል ድረስ የድሮ ወታደር የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። ለዚህም ነው መሰለን ከኮልፌ ቀራኒዮ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ የሚመጣው፦ «አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል፣ ቆስለዋል። አንድ ሜዳይ ብቻ ነው ያላቸው። ሌላ የሚገባቸው ካለ የት ነው የሚጠየቀው?»

አጭሩ መልስ፦ መጀመሪያ መዝገቡን፣ ከዚያ ሜዳዩን። ረጅሙን እንግባበት።

ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ነበር። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ፑሳን ገባ። ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል። ሦስቱም የተዋጉት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተደርበው ነው። ይቺን የመጨረሻዋን መረጃ ያዟት፤ በኋላ ትጠቅማችኋለች። ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ስምምነት ሲቆም ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀው ነበር። የቆሰሉት 536 ናቸው ይባላል። የተማረከ ግን አንድም የለም፤ ዘማቾቹ እስከ ዛሬ ቀና ብለው የሚናገሩት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ሜዳዮቹ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሁሉንም «ኒሻን» ብሎ ይጠራዋል። በሁለት ብትከፍሉት ግን ነገሩ ይቀላል።

አንደኛው፣ እዚያ በመገኘት ብቻ የሚገኝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ አገልግሎት ሜዳይ እንዲህ ነው፤ ለተዋጊውም፣ ለወጥ ቤቱም፣ ለሾፌሩም ይሰጣል። በነገራችን ላይ ይህ ሜዳይ በዘማች አገሮች ቋንቋዎች ነው የተዘጋጀው፤ ለእኛዎቹ የተሠራው በአማርኛ ፊደል ነው። ሣጥን ውስጥ ያለውን አገላብጣችሁ እዩት። ለጦር ክፍሉ በሙሉ የተሰጠ ሽልማትም አለ። ቃኘው ከአሜሪካም ከደቡብ ኮሪያም በፕሬዚዳንት ደረጃ ለክፍሎች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ላሉት ማስረጃው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ሰውዬው በዚያ ጊዜ በዚያ ክፍል የስም ዝርዝር ላይ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?

ሁለተኛው የጀብዱ ሽልማት ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ለፈጸመው ነገር የሚሰጥ ነው። የቅርብ አለቃ በጽሑፍ ያቀርባል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ የበላይ አዛዥ ያጸድቃል፣ በትዕዛዝ ቁጥር ይወጣል። በግንቦት 1945 ዓ.ም. የሦስተኛው ቃኘው መኮንን ማሞ ሀብተወልድ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይዘው ቅኝት ወጥተው፣ በቁጥር ብዙ እጥፍ ከሚበልጣቸው የቻይና ጦር ጋር ገጥመው የአሜሪካን ሲልቨር ስታር አግኝተዋል። ያንን ሌሊት ዓለም ያወቀው አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ማርሻል ወዲያውኑ የነበሩትን ሰዎች ጠይቆ ስለ መዘገበው ጭምር ነው። ጠያቂ ያልደረሰባቸው ጉብታዎች ላይስ ማን ምን ሠራ? እዚያ የነበረ ወታደር ጀግንነቱ ባያንስም ወረቀቱ የለም።

ወረቀት በጊዜው ሲጻፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከፈለጋችሁ እዚሁ ኮልፌ ምሳሌ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። በዚያው ዓመት የያዙት የማስታወሻ ደብተር በኋላ በሪቮኒያው ችሎት ማስረጃ ሆኖ ቀርቦባቸዋል። ለአሳሪዎቻቸው ማስረጃ የሆነው ደብተር ዛሬ ለታሪክ ሀብት ነው። ያሠለጠኗቸው የኮልፌ ወታደሮች ግን ስንቶቹ ስማቸው ይታወቃል? ብዙም አይደሉ።

የእኛ ዘማቾች ወረቀት ለምን ጠፋ ካላችሁ፣ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ነው የተበተነው።

የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። መፈንቅለ መንግሥቱን የመራው የክብር ዘበኛ አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ ነበር፤ ቃኘው የወጣበት ጦር ማለት ነው። ሙከራው ሲከሽፍ ክብር ዘበኛ ፈረሰና እንደገና ተደራጀ፤ ብዙ አባላቱ ታሰሩ፣ ተበተኑ። ከኮሪያ ከተመለሱ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ «ክብር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት የሚያስጠረጥር ሆነ። ጦሩን ወደ ኮሪያ ያዘጋጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ደግሞ በዚያው ግርግር በአረንጓዴው ሳሎን ከተገደሉት አንዱ ናቸው።

ሁለተኛው ደርግ ሲመጣ ነው። አዲስ አበባና ፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆኑ፤ ደቡብ ኮሪያን የረዳ ወታደር የተሳሳተ ወገን የረዳ ተደርጎ ታየ። ዘማቾች ጡረታቸውንና ክብራቸውን እንዳጡ፣ ሜዳያቸውን እንደ ቀበሩ፣ ፎቶና ምስክር ወረቀት እንዳቃጠሉ ደጋግመው ተናግረዋል። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ አይደል? ለሶማሊያው ጦርነት ጀግኖች የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። አንዱ ዘማች ሐውልት ሲቆምለት ሌላው ሜዳዩን ጓሮ ይቀብር ነበር።

ሦስተኛው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ሠራዊቱ ራሱ ፈረሰ። ይሄኛው በይበልጥ የሚነካው የኦጋዴንና የሰሜን ዘማቾችን ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የነበረ ወታደር ዛሬ ቢያንስ የስድሳዎቹን አጋማሽ አልፏል። ጓደኛው ሜዳይ ለብሶ እሱ ያልለበሰበትን ምክንያት የሚያስረዳ ፋይል ፍለጋ ቢወጣ፣ ፋይሉን የያዘው ክፍል ስሙም የለም።

የንጉሡን ዘመን ኒሻን በተመለከተ ሳናድበሰብስ እንንገራችሁ። የሰጪው መንግሥት ስለሌለ ያልተሰጠውን ዛሬ አዲስ የሚሰጥ የመንግሥት አካል የለም። ማድረግ የሚቻለው የተሰጠው መሰጠቱን ማረጋገጥ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአርበኝነት ሜዳይ ሲታደል ዘንባባ ይጨመርበት ነበር፤ «ባለ አምስት ዘንባባ አርበኛ» የሚባለው አምስቱንም ዓመት በዱር ለታገለ ነው። ሦስት ዘንባባ ያገኘ አርበኛ «ሁለቱ ዓመቴ የት ገባ?» ብሎ ቢከራከር የሚያስፈልገው ምስክር ነበር፤ ዛሬ ያ ምስክር የለም።

በኮሪያ ዘማቾች በኩል ግን በሩ አልተዘጋም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት የሰላም አምባሳደር ሜዳይ የሚባል አለው፤ ለውጭ አገር ዘማቾች፣ ካረፉም ለቤተሰቦቻቸው ሲሰጥ ቆይቷል። ቁልፉ በዘማችነት መመዝገብ ነው። መነሻው አፍንጮ በር፣ የመታሰቢያው ፓርክ ያለበት የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ነው። እዚያ የተሰዉት ስም ተጽፏል፤ በማኅበሩ በኩል ደግሞ የአባላት መዝገብ አለ። አያታችሁ አባል ካልነበሩ ሌላ ማስረጃ ሰብስባችሁ መሄድ ይኖርባችኋል።

የት ይሰበሰባል? ቤት ውስጥ ጀምሩ። የጡረታ ደብተር ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ የአገልግሎት ዘመን የተቆጠረው ከአንድ ፋይል ተነሥቶ ነውና ያንን ፋይል ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የቆሰሉ ከሆነ የሕክምና ወረቀት። ፎቶ ካለ ጀርባውን አንብቡ፤ ቀንና የጓደኛ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው ያለው። ቀጥሎ ወመዘክር፦ የዚያን ዘመን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ እዚያ ይገኛል። ቀኑን በግምት ካወቃችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ማገላበጥ ነው። አሰልቺ ነው፣ አዎ። ግን ከደላላ ይሻላል።

ከአሜሪካ የተሰጠ ሽልማት ከሆነ ደግሞ ያዟት ያልናችሁ መረጃ እዚህ ጋ ትገባለች። ጥያቄያችሁን «ስለ ኢትዮጵያ ጦር» ብላችሁ ሳይሆን «ስለ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦርና 32ኛ ሬጅመንት» ብላችሁ አቅርቡ። የክፍሎቹ የኮሪያ ዘመን ሰነዶች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ይገኛሉ። ሽልማት የሚወጣው በትዕዛዝ ቁጥር ስለሆነ የምትፈልጉት ያንን ትዕዛዝ ነው።

ፍለጋውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሹት ግን ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ስምና ዓመተ ምሕረት።

አሜሪካዊው ጸሐፊ የኢትዮጵያዊን ስም የጻፈው እንደ ሰማው ነው። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» የሚል ያለበት ስም አንዴ ተጣብቆ፣ አንዴ ተነጥሎ ይጻፋል፤ «ወልደ» ለብቻው የሰው ስም ሆኖ የተመዘገበበትም ይኖራል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ «የለም» ስትባሉ አትመለሱ፤ ሊጻፍ የሚችልበትን ሁሉ አምስትም ስድስትም አድርጋችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። መታወቂያው ላይ ያለውና ሰነዱ ላይ ያለው ስም ከተለያየ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ ማመልከት ያስፈልጋል።

ዓመቱ ደግሞ ይብሳል። አያታችሁ «በ1944 ነው የዘመትኩት» ይላሉ፣ ትክክል ናቸው። እናንተ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ 1944 ብላችሁ ትሞላላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የኮሪያ ጦርነት የተጀመረው በ1950 ነው፤ ስለዚህ ቅጹን የሚያየው ሰው ጦርነቱ ከመጀመሩ ስድስት ዓመት በፊት የዘመተ ሰው አጋጥሞት ወረቀቱን ወደ ጎን ያስቀምጣል። ሁልጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፣ የቱ የቱ እንደሆነም ግለጹ።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው? አሜሪካኖች ለዚህ ራሱን የቻለ ቦርድ አላቸው፤ የወታደራዊ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ እዚያ ያለው የእኛ ዲያስፖራም ጭምር፣ ዲዲ 149 የሚባል ቅጽ ሞልቶ «መዝገቤ ላይ ስሕተት ወይም በደል አለ» ብሎ ያመለክታል። ስሕተቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው የተሰጠው፤ ቦርዱ ፍትሕ ይጠይቃል ካለ ግን የዘገየውንም ያያል። ባለጉዳዩ ከሞተ ወራሽ ማመልከት ይችላል። እነሱም ቢሆኑ ወረቀት ጠፍቶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ማከማቻ በተነሣ እሳት ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደር ፋይሎች ወድመዋል።

ፓሪስ ዴቪስን ደግሞ እወቁት። ጥቁር የልዩ ኃይል መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቬትናም ላይ ቆስሎ ሳለ የወደቁ ጓደኞቹን ጥሎ አልወጣም አለ። ለከፍተኛው ሜዳይ ታጨ፤ ወረቀቱ ጠፋ። እንደገና ተፈለገ፤ አልተገኘም። አብረውት የተዋጉት ሰዎች ግን ዝም አላሉም፤ ቃላቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ለዐሥርት ዓመታት ወተወቱ። በመጋቢት 2023 ሜዳዩ ሲጠለቅለት ዕድሜው 83 ነበር። ፋይል የሌለበትን ጉዳይ ፋይል ያደረገው የሕያው ምስክር ቃል ነው።

እኛ ጋ ያለው ችግርም ይሄው ነው። የኮሪያ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ከ90 ዓመት አልፈዋል። ስለዚህ አያታችሁ ካሉ ነገ ሳይሆን በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅረጿቸው። «እስቲ ስለ ኮሪያ ያጫውቱን» ብቻ አትበሉ፤ ስንተኛው ቃኘው? የትኛው ሻምበል? አዛዡ ማን? አጠገብዎ የነበረው ማን? የቆሰሉት በስንተኛው ወር፣ የታከሙት የት? ከዚያ በጽሑፍ ገልብጡት፣ ያስፈርሟቸው። አብሯቸው የዘመተ ጓደኛ ካለ እሱም ለብቻው ቃሉን ይስጥ፤ አብረው ተቀምጠው የሰጡት አንድ ዓይነት ቃል ክብደቱ ይቀንሳል። ለኦጋዴንና ለሰሜን ዘማቾችም ያው ነው፤ እንዲያውም እነሱ ጋ ምስክሮቹ ገና ብዙ ናቸው።

ስለ ደላላም አንድ ቃል። ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች ከኮሪያ በኩል የትምህርት ዕድልና ድጋፍ ስላለ «በብር ዘማች ቤተሰብ አደርጋችኋለሁ» የሚል አይጠፋም። ሜዳይ ገዝቶ ደረት ላይ መለጠፍም ዘማች አያደርግም፤ የድሮ ሜዳይ በቅርስ ሱቅም በኦንላይንም ይሸጣል፣ ከማን እጅ እንደወጣ ግን አይናገርም። በተቃራኒው ደግሞ ቤታችሁ ያለውን እንዳትሸጡ። ከስም ዝርዝሩ፣ ከፎቶውና ከምስክሩ ቃል ጎን ሲቀመጥ እሱም አንድ ማስረጃ ነው። ፊትና ጀርባውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሡትና ኮፒውን ለአንድ ዘመድ ላኩ፤ ዋናውን ግን ለማንም አትስጡ፣ «ላሳይልህ» ለሚል የሰፈር ሰውም ቢሆን።