የኤክስካቫተር የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ብልሽት ምርመራ

የኤክስካቫተር የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ብልሽት ማለት በማሽኑ ላይ የተገጠሙት ኮምፒውተሮች (የሞተሩ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ፣ የኦፕሬተሩ ሞኒተር እና ሌሎችም) እርስ በርስ መልእክት መለዋወጥ ሲያቅታቸው የሚፈጠር ችግር ነው። ምርመራው ችግሩ ከሽቦ፣ ከሶኬት፣ ከኤሌክትሪክ አቅርቦት ወይም ከራሱ ከኮምፒውተሩ መሆኑን የመለየት ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦ ወይም የሶኬት ሆኖ ሳለ ውዱ ኮምፒውተር ቀድሞ ይቀየራል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ስሕተት ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ሊያስቆም ይችላል።

አመጣጥ

በቀድሞዎቹ ኤክስካቫተሮች የኦፕሬተሩ ትእዛዝ በሊቨር፣ በኬብልና በዘይት ግፊት ብቻ ይተላለፍ ነበር። የነዳጅ ፍጆታንና ጭስን ለመቀነስ ሞተሩና ፓምፑ በኮምፒውተር መታዘዝ ሲጀምሩ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ መስመር አስፈለገ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ካን የተባለው የመገናኛ ሥርዓት ነው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን፣ በ1993 አይኤስኦ 11898 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። በካን ላይ ተመሥርቶ ለከባድ ተሽከርካሪዎችና ማሽኖች የተዘጋጀው ደንብ ጄ1939 ይባላል።

አሠራር

ካን የሚጠቀመው በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ነው፤ አንዱ ካን ሃይ፣ ሌላው ካን ሎው ይባላል። መስመሩ ጸጥ ሲል ሁለቱም 2.5 ቮልት ገደማ ይይዛሉ። መልእክት ሲላክ ካን ሃይ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ካን ሎው ወደ 1.5 ይወርዳል። ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ይነካና ልዩነቱን ሳይቀይር ያልፋል። ሽቦዎቹ የሚጠማዘዙትም ለዚሁ ነው።

በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም የሆነ ሬዚስተር ይገጠማል። ሬዚስተሩ ከሌለ ምልክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና መልእክቱን ያበላሻል። በተለመደው የጄ1939 መስመር ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው፤ ዋናው መስመር ከ40 ሜትር፣ ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚገባው ቅርንጫፍ ደግሞ ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ምልክቶች

ሞኒተሩ ባዶ ይሆናል ወይም የሙቀትና የነዳጅ ንባብ ይጠፋበታል። ሞተሩ በአንድ ፍጥነት ይቀራል፤ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ስለማይናበብ ማሽኑ ጉልበት ያጣል ወይም ጭነት ሲይዝ ሞተሩ ይጠፋል። አንዳንድ ማሽኖች ለእንዲህ ያለ ጊዜ ፓምፑን ያለ ኮምፒውተር የሚያሠራ የድንገተኛ ማብሪያ አላቸው። ይህ ማሽኑን ከጉድጓድ ለማውጣት ይረዳል እንጂ ጥገናን አይተካም።

በጄ1939 ኮዶች ውስጥ 9 የሚለው የብልሽት ዓይነት ቁጥር መልእክቱ በሚጠበቅበት ጊዜ አለመድረሱን ያመለክታል። ኮዱ መልእክቱ እንደቀረ ብቻ ይናገራል፤ ለምን እንደቀረ አይናገርም። ስለዚህ ማን ማንን እንዳጣ ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁሉም ኮምፒውተሮች አንዱን ብቻ ካጡ ጥርጣሬው በዚያ ኮምፒውተር ፊውዝ፣ ግራውንድ ወይም ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል። ሁሉም ሁሉንም ካጡ ግን ጥርጣሬው በመጀመሪያ በዋናው መስመር ላይ ይወድቃል።

ልኬት

መጀመሪያ የባትሪው ቮልቴጅ (አብዛኞቹ ኤክስካቫተሮች 24 ቮልት ናቸው)፣ ፊውዞችና የግራውንድ ማሰሪያዎች ይታያሉ። ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ኮምፒውተርና መስመሩ የተቆረጠበት ኮምፒውተር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸውና ይህን መዝለል ቀኑን ሙሉ ሊያባክን ይችላል።

ቀጥሎ ባትሪው ተነቅሎ በካን ሃይና በካን ሎው መካከል ያለው ተቃውሞ በተራ መልቲሜትር ይለካል። ሁለቱ 120 ኦም ሬዚስተሮች ትይዩ ስለሆኑ ጤነኛው ንባብ 60 ኦም ገደማ ነው። 120 ከተነበበ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል ወይም ሽቦ ተቆርጧል። ወደ 40 ከወረደ አንድ ሬዚስተር ተርፏል፤ ይህ የሚያጋጥመው ያልተፈቀደ ዕቃ ሲጨመር ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ፤ በብዙ ማሽኖች የጫፉ ሬዚስተር ያለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ያን ኮምፒውተር ነቅሎ 120 ማንበብ ብልሽት አይደለም።

60 መነበቡም ሁሉንም ነገር አያረጋግጥም። አንዱ ሽቦ ሻሲ ቢነካ በሁለቱ መካከል ያለው ንባብ አይለወጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽቦ ከሻሲው ጋር ለብቻው ይለካል፤ ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ ሲከፈትም ቮልቴጁ ይታያል። በሚሠራ መስመር ካን ሃይ ከ2.5 ጥቂት ከፍ፣ ካን ሎው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ የሁለቱ ድምር 5 ቮልት ገደማ ነው።

ቦታውን ለማግኘት መስመሩን መሐል ባለ ሶኬት ላይ ነቅሎ ሁለቱንም ወገን መለካት ፈጣኑ መንገድ ነው። በየወገኑ 120 ኦም መታየት አለበት፤ ያልታየበት ወገን እንደገና ለሁለት ይከፈላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን ሁለትዮሽ ፍለጋ ብሎ ያውቀዋል።

በመመርመሪያ ሶኬቱ ላይ ከመለካት በፊት የማሽኑን የሽቦ ንድፍ ማየት ያስፈልጋል። ባለ ዘጠኝ ቀዳዳው ክብ ሶኬት በመልክ አንድ ቢሆንም የቀዳዳዎቹ ድልድል ከአምራች አምራች ይለያያል።

በአዊ ደጋ

በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም የምትገኘው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። አካባቢው ደጋና ዝናባማ ሲሆን በዓመት ከ2000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። በክረምት የአፈር ሥራ ሲቋረጥ በመንገድ ሥራና በድንጋይ ካባ ላይ የነበረ ማሽን ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ እርጥበት ወደ ሶኬቶች ይገባል፤ የመዳቡ ፒንም አረንጓዴ ዝገት ያበጃል። የቆመ ማሽን ለአይጥም ይመቻል። እንዲህ ያለው ብልሽት ጠዋት ታይቶ ማሽኑ ሲሞቅ ሊጠፋ ስለሚችል ሽቦውን በእጅ እያነቃነቁ መልቲሜትሩን መመልከት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ባለሙያ ከመጥራት ወይም ዕቃ ከማዘዝ በፊት የ60 ኦሙን ልኬት በቦታው መሥራት ትርፉ ብዙ ነው።

ጥገና

ሽቦውን በመርፌ ወግቶ መለካት ለውኃ በር ይከፍታል፤ መለካት ያለበት ሶኬቱ ላይ ነው። የተቆረጠ ሽቦ ሲቀጠል ጥምዝምዙ እንዳይፈታ ይደረጋል፤ ቅጥሉም በደንብ ይታሸጋል። በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል ቀጣዩን ክረምት አይሻገርም። በባኬቱ ወይም በቡሙ ላይ ብየዳ ሲሠራ ባትሪው ይነቀላል፣ አምራቹ ካዘዘ የኮምፒውተሮቹ ሶኬቶችም ይነቀላሉ፤ የብየዳው ግራውንድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል። አለበለዚያ የብየዳው ኃይል በኮምፒውተሮቹ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ከጥገና በኋላ የተመዘገቡት ኮዶች ይሰረዛሉ፤ ማሽኑ ጭነት ይዞ ከሠራ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ኮድ ካለ ብልሽቱ አሁንም አለ ማለት ነው።