ሁለት ማሊያ፣ አንድ ስም

ጆኒ ኬሪ ቅዳሜ ቤልፋስት ላይ በእንግሊዝ 7 ለ 2 ተቀጠቀጠ። ሰኞ ደግሞ ደብሊን ላይ ያው እንግሊዝ በቶም ፊኒ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈው። ሴፕቴምበር 28 እና 30፣ 1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሸነፉስ ያለ ነው። የሚገርመው በሁለቱም ቀን የተሰለፈው «አየርላንድ» ለሚባል ብሔራዊ ቡድን መሆኑ ነው። ቡድኖቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም፣ አይወደውምም። ከኬሪ ጋር ቢል ጎርማንም እንዲሁ ቅዳሜም ሰኞም ተጫውቷል።

እንዴት ሆነ? በደሴቲቱ ላይ ከ1880 ጀምሮ የነበረው አንድ ፌዴሬሽን ነው፤ መቀመጫውም ቤልፋስት። የደብሊን ሰዎች «ሁሉ ነገር ለሰሜኑ ያደላል» እያሉ ሲያጉረመርሙ ኖረው፣ በ1921 ገነፈሉ። የአየርላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ ደብሊን መሆን ሲገባው ቤልፋስት ይሁን ተባለ። የደብሊኑ ሼልበርን «አልሄድም» አለ፤ ዋንጫውን አጣ። በዚያው ዓመት ደቡቦቹ የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። አገሪቱም ያኔ ለሁለት እየተከፈለች ነበርና ኳሱ ከፖለቲካው ብዙም አልቀደመም፣ ብዙም አልዘገየም።

ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ። ሁለቱም ፌዴሬሽኖች ራሳቸውን «አየርላንድ» አሉ፤ ቤልፋስት ከመላው ደሴት ተጫዋች መጥራቷን ቀጠለች። ደብሊንም በተራዋ የሰሜን ልጆችን አሰለፈች፤ ለምሳሌ ቤልፋስት የተወለደው ጃኪ ቨርነን በ1946 ከፖርቱጋልና ከስፔን ጋር ለደብሊኑ ቡድን ተጫውቷል። ሁለት ባላ መትከል የሚባለው ተረት እዚህ ለተጫዋቾቹ አይሠራም፤ ባላውን የተከሉት ፌዴሬሽኖቹ ናቸው። ልጆቹ የተጠሩበት ሄዱ እንጂ ምን አደረጉ?

ከሁሉም የሚገርመኝ ኮን ማርቲን ነው። የደብሊን ልጅ ነው። ወጣት ሳለ የአየርላንድን ባህላዊ እግር ኳስ ለደብሊን ይጫወት ነበር፤ «የባዕድ ጨዋታ» ማለትም እኛ የምናውቀውን ኳስ መጫወቱ ሲታወቅ ተባረረ። ያሸነፈበትን ሜዳሊያ እንኳ ያገኘው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እገዳው በ1971 ሲነሳ ነው። በረኛም ተከላካይም መሆን የሚችል ሰው ነበር። ሴፕቴምበር 21፣ 1949 ጉዲሰን ፓርክ ላይ የደብሊኑ ቡድን እንግሊዝን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የመጀመሪያውን በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው እሱ፣ ሁለተኛውን ፒተር ፋረል፣ አምበሉ ደግሞ ኬሪ። ብዙ ሰው እንግሊዝን በሜዳዋ መጀመሪያ ያሸነፈች የውጭ አገር ሀንጋሪ ናት ይላል። ሀንጋሪ በ1953 ነው!

እና ይኸው ማርቲን፣ ማርች 8፣ 1950 ሬክስሃም ላይ የቤልፋስቱን ማሊያ ለብሶ ከዌልስ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ። ዴቪ ዋልሽ፣ ሬጅ ራያንና ቶም አሄርንም አብረውት ነበሩ። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የቤልፋስት ውድድር ያን ጊዜ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ነበር። አራቱም በዚያው ማጣሪያ ለደብሊን ተሰልፈው ስለነበር በአንድ ዓለም ዋንጫ ለሁለት ቡድን ተጫወቱ ማለት ነው። ደብሊን ለፊፋ አቤት አለች፤ ተጫዋቾቹም ላይ ጫና በረታ። ከሬክስሃም በኋላ ቤልፋስት ሁለተኛ በዚህ መንገድ የደቡብ ልጅ አላሰለፈችም። ኬሪ 29 ጊዜ ለደብሊን፣ 7 ጊዜ ለቤልፋስት፤ ማርቲን 30 እና 6፤ ቁጥሩ እዚያ ቆመ።

ስሙ ግን እንዳለመጣላት አልቀረም። ፊፋ በ1953 ሁለቱም «አየርላንድ» እንዳይባሉ ወስኖ አንዱን ሪፐብሊክ፣ ሌላውን ሰሜን አለ። ቤልፋስት ግን በብሪታኒያ ውድድር ላይ አሮጌውን ስም እስከ 1970ዎቹ ይዛ ቆየች። በእኔ እምነት የእልህ ጉዳይ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚለውጠው አንዳች የለም።

ዛሬ መንገዱ ተገላብጧል። በሰሜን የሚወለድ ልጅ የአየርላንድ ዜግነት ስላለው ደብሊንን መምረጥ ይችላል፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱም በ2010 ይህንኑ አጽንቷል። ከደሪ የመጣው ጄምስ ማክሊን በወጣትነቱ ለሰሜን ተጫውቶ ነው ወደ ሪፐብሊኩ የሄደው። ኬሪ ግን ዛሬ ደብሊን ቢወለድ፣ ሰሜን የተወለደ ወላጅ ወይም አያት ካልተገኘለት በቀር፣ የቤልፋስቱን ማሊያ አያገኛትም።