የመጫወቻው ቁም ሣጥንና በውስጡ የገባው ላፕቶፕ

በአሜሪካና በአውሮፓ በአንዳንድ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ አንድ ረዥም የእንጨት ሣጥን ቆሞ ይታያል። ቁመቱ የጐልማሳ ሰው ያህል ነው፤ በፊቱ ላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስኮት፥ ከመስኮቱም በታች የእጅ መዘወሪያና ባለቀለም ቁልፎች አሉበት። ቀድሞ በየመጫወቻ አዳራሹና በየመጠጥ ቤቱ ሳንቲም እየዋጠ ሰውን ያጫውት የነበረውን መኪና ይመስላል። የኋላው መዝጊያ ሲነሣ ግን በውስጡ የሚገኘው የዚያ ዘመን ዕቃ ሳይሆን፥ ለቢሮ ሥራ አርጅቷል ተብሎ የተጣለ ላፕቶፕ ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ላየው ሰው የሥራ ፈት ሥራ ይመስለዋል። ታሪኩን ለተከተለ ሰው ግን ይህ አሮጌ ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ተመኝተው ያላገኙት ዕቃ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከጥንቱ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ሁለት የጠፈር መርከቦች የሚታኰሱበትን «ስፔስዎር» የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ጨዋታው የተሠራበት ፒዲፒ-1 የሚባለው ኮምፒዩተር ዋጋው 120,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ምንም ቢወደድ፥ ሊጫወቱት የሚችሉት እንደዚህ ያለ ኮምፒዩተር ባለበት ተቋም ገብተው ከዕቃው ዘንድ ለመቀመጥ ዕድል ያገኙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በ1971 ቢል ፒትስና ሂዩ ተክ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ይህንኑ ጨዋታ ሳንቲም ለሚከፍል ሁሉ ለማቅረብ ተነሡ። ፒዲፒ-11 የተባለውን አነስ ያለ ኮምፒዩተር መስኮትና መዘወሪያ ካለው የእንጨት ሣጥን ጋር በገመድ አያያዙትና፥ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መዝናኛ ሕንፃ ውስጥ አቆሙት። ስሙንም «ጋላክሲ ጌም» አሉት። ተማሪው እየተሰበሰበ ይጫወት ጀመር። የአንድ ጨዋታ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር፤ መኪናው ግን 20,000 ዶላር ያህል ፈጅቶ ነበር። የሒሳብ መምህራችን በዚህ ላይ ምን ጥያቄ እንደሚያወጡ መገመት አያስቸግርም፤ የወጣውን ገንዘብ ብቻ ለመመለስ ሁለት መቶ ሺህ ጨዋታ ያስፈልግ ነበር።

በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የሚባሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች በዚሁ አሳብ ላይ ይደክሙ ነበር። እነርሱም በመጀመሪያ ያሰቡት ኮምፒዩተር ገዝተው በሣጥን ውስጥ ለማግባት ነው። ዋጋውንና አቅሙን ካመዛዘኑ በኋላ ግን ኮምፒዩተሩን ጨርሰው ተዉትና፥ ያንን አንድ ጨዋታ ብቻ እንዲያጫውት ሆኖ የተቀነባበረ የኤሌክትሪክ ቦርድ ሠሩ። መኪናውንም «ኮምፒዩተር ስፔስ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ኮምፒዩተር ይበል እንጂ በሆዱ ውስጥ ኮምፒዩተር አልነበረም!

በሚቀጥለው ዓመት በ1972 አለን አልኮርን የተባለው መሐንዲስ ለእነ ቡሽኔል ድርጅት ለአታሪ «ፖንግ» የሚባለውን የጠረጴዛ ቴኒስ ሠራ። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለመጀመሪያው ፖንግ መስኮት የሆነው በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ዕቃ ሳይሆን፥ ከሱቅ የተገዛ ተራ የቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። እንግዲህ የቤት ዕቃ በመጫወቻ ሣጥን ውስጥ ማግባት የዛሬዎቹ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። መኪናው በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ቆመ፤ ጥቂት ጊዜ ቈይቶም ተበላሸ ተባለ። አልኮርን ሄዶ ቢከፍተው ችግሩ የሳንቲሙ መያዣ ሞልቶ መፍሰሱ ነበር። እኛ ጆተኒ ስንጫወት ፍራንኩን ለባለ ጆተኒው በእጁ እንሰጣለን፤ የፖንግ ባለቤት ግን እንቅልፉን ተኝቶ መኪናው ራሱ ሰበሰበለት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1975 ሚድዌይ የተባለው ድርጅት «ገን ፋይት» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ ኢንቴል 8080 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር አገባ፤ ኮምፒዩተርም በጥፍር በምታህል ቺፕ መልክ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለታይቶ ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ን ሠራ። በዚህ ጨዋታ 55 የጠፈር ጠላቶች ተሰልፈው ይወርዳሉ። ጠላቱ እየተመታ ቊጥሩ ባነሰ መጠን የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ ለዚህም መነሻው የቺፑ ድካም ነው፤ ይኸውም ብዙ ሥዕል ማንቀሳቀስ ሲኖርበት ይዘገያል፥ ሸክሙ ሲቀልለት ይፈጥናል። ኒሺካዶም ይህ ጉድለት ጨዋታውን የሚያሳምር ሆኖ ስላገኘው እንዲሁ ተወው። በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ «ፓክ-ማን» ን አወጣ።

የሣጥኑን ሆድ መለወጥም በባለቤቶቹ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ ሥራ ነው። በ1981 ኒንቴንዶ ወደ አሜሪካ ካስመጣቸው «ራዳር ስኮፕ» የሚባሉ 3,000 መኪናዎች 2,000 ያህሉ ሳይሸጡ ቀሩ። ሺገሩ ሚያሞቶ የሚባለው ወጣት ሠራተኛ «ዶንኪ ኮንግ» የተባለ አዲስ ጨዋታ እንዲያወጣ ተደረገና፥ ሣጥኖቹን ሳይጥሉ የውስጡን ዕቃ ብቻ ቀይረው ሸጧቸው። ኩባንያውንም ከኪሳራ አዳነው። በ1985 ደግሞ የጃፓን የመጫወቻ መኪና ሠሪዎች ማኅበር 56 መገናኛዎች ያሉት አንድ ዐይነት ማያያዣ ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ባለ አዳራሹ አዲስ ጨዋታ ሲፈልግ ቦርዱን ነቅሎ ሌላ መሰካት ብቻ ሆነለት።

በኋላ ግን ሰው በየቤቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ መጫወቻ እየገዛ አዳራሾቹ ተመናመኑ። ቦርዶቹም በየመጋዘኑ ማርጀት ጀመሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ካፕኮም የተባለው ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ ያወጣቸው ሲፒኤስ-2 የሚባሉት ቦርዶች ነገር ነው። ሰው እንዳይገለብጣቸው የምስጢር ቊጥራቸው በትንሽ ባትሪ ኀይል ይጠበቅ ነበርና፥ ባትሪው ባለቀ ጊዜ ምስጢሩ ይጠፋል፤ ጨዋታውም አብሮ ይሞታል። መጽሐፍ ቢቀደድ ሌላ ቅጂ ይፈለግለታል፤ እዚህ ግን ቀለሙ ራሱ ከወረቀቱ ላይ እንደሚበንን ያለ ነበር።

በየካቲት ወር 1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ኢጣሊያዊ «ሜም» የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ። ይህ ፕሮግራም አንድ ተራ ኮምፒዩተር የድሮውን ቦርድ ጠባይ መስሎ እንዲሠራ ያደርገዋል። ጨዋታውን እንደ ገና የሠራው እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮግራሙ የሚመስለው መኪናውን ነው፥ በዚያ በተመሰለው መኪና ላይ ግን የሚሮጠው የጥንቱ ጨዋታ ራሱ ነው። ለምሳሌ የስፔስ ኢንቬደርስ ቺፕ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ያህል ምት ሲመታ፥ ተራ ላፕቶፕ 2 ቢሊዮን ይመታል። ሺህ ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ላፕቶፑ በገዛ ፍጥነቱ ቢለቀቅ 55ቱ ጠላቶች ገና ሳናያቸው ምድር በደረሱ ነበር፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላፕቶፑን እንደ ጥንቱ እንዲዘገይ፥ በጥንቱም ልክ እንዲፈጥን ያስገድደዋል። የድሮው ቺፕ ድካም ሳይቀር ይጠበቃል።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትንሽ ነው፥ ርካሽ ነው፥ የሚበላው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ መስኮቱና ድምፅ ማጉያው አብረውት አሉ። ሣጥኑን ከኮምፔንሳቶ አናጢ ይሠራዋል። ችግሩ ግን ላፕቶፕ በጭን ላይ ተቀምጦ ክዳኑ እንዲከፈት እንጂ ተሸፍኖ እንዲኖር አልተሠራም። ማስነሻው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከክዳኑ ሥር ስለሚገኝ፥ አንድ ጨዋታ ለመጀመር በየጊዜው የሣጥኑን ጀርባ መፍታት ሊኖር ነው። ክዳኑ ሲዘጋም ይተኛል፤ እንዳይተኛ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሙቀቱም አለ። ከታች አየር ማስገቢያ፥ ከላይ የሞቀውን ማስወጫ ቀዳዳ ካልተበጀለት ይታፈናል፤ አሮጌ ባትሪም በሙቀት ያብጣልና፥ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ በቻርጀሩ ብቻ ማሠራት ይሻላል።

መስኮቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የብዙ ላፕቶፕ መስኮት ወርዱ 16፥ ቁመቱ 9 እጅ ነው። ፓክ-ማን ግን በቁሙ የሚታይ፥ ወርዱ 3፥ ቁመቱ 4 የሆነ ጨዋታ ነው። ቁመቱን 9 አድርገን ብናሰላ ወርዱ ስድስት ከሦስት ሩብ ይሆናል፤ ከመስኮቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠንቃቆቹ አሮጌ ባለ 4 በ3 የኮምፒዩተር መስኮት በጐኑ አቁመው ከላፕቶፑ ጋር ያያይዙታል። ባለ ወፍራም መስታወቱን የጥንት መስኮት የሚመርጡም አሉ፤ ነገር ግን ያ ዕቃ ከተዘጋም በኋላ ብዙ ሺህ ቮልት በውስጡ ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፥ ለተማሪ እጅ የሚሆን አይደለም።

መዘወሪያውንና ቁልፎቹን ለማያያዝ አንዳንድ ሰዎች የላፕቶፑን ኪቦርድ ፈተው ሽቦ ቀጥለውበታል። ብዙ ቁልፍ ባንድነት ሲነካ ግን ኪቦርዱ ይደናገራል፤ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ቁልፍ ይነካል። የሚሻለው በዩኤስቢ የሚሰካ፥ እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻው የሚያነብ ትንሽ ቦርድ ነው። ከ2012 ወዲህ «ራስፕቤሪ ፓይ» የሚባለው በ35 ዶላር የተሸጠው ትንሽ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ጣጣ ቀንሶታል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም እርሱ ይገዛል፥ አሮጌው ላፕቶፕ ግን ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ጠብ የሚያስነሣ አንድ ጉዳይ አለ። አንዳንዶች ከ1980 ወዲህ የቈየ እውነተኛ ሣጥን አግኝተው፥ ቦርዱን አውጥተው ጥለው ላፕቶፕ ያገቡበታል። ራዳር ስኮፕም እንዲሁ ተለውጦ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ነገር ግን በ1981 የተለወጠው ገበያ ያጣ አዲስ ዕቃ ነው፤ ዛሬ የሚፈርሰው ሣጥን ግን ምትክ የለውም። ሊጠገን የሚችል ጥንታዊ መኪና ሆዱን መዘርገፍ በእኔ በኩል ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም፤ እንጨት አልጠፋም፥ አናጢም አልጠፋም፥ አዲስ ሣጥን ይሠራ። የጨዋታዎቹም ባለመብት እንዳለ መርሳት አይገባም። ሜም ራሱ በነፃ የሚታደል ሲሆን ጨዋታዎቹ ግን አብረውት አይታደሉም፤ ብዙዎቹ ዛሬም የኩባንያዎቹ ንብረት ናቸው።

ሳንቲሙስ ምን ሆነ? በሜም ደንብ ሳንቲም ማስገባት ማለት በኪቦርዱ ላይ 5 ቊጥርን መንካት ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ይህ ስላላረካቸው እውነተኛ የሳንቲም በር ይገጥማሉ። ሳንቲሙ ሲወርድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ይነካል፤ ሽቦዋ ማብሪያ ትዘጋለች፤ ላፕቶፑም 5 ቊጥር የተነካ ይመስለውና ጨዋታውን ይፈቅዳል። ሣጥኑ የቤት ስለሆነ፥ ሳንቲሙ ሲያልቅ የታችኛውን በር ከፍተው ያንኑ መልሰው ያስገቡታል።